የፈጠነ ልብ ሁሉ አንድ አይደለም፦ «ልብዎን ይቆጥቡ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ልብዎን ይቆጥቡ» በሚል ርዕስ ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪዎች ምክር ይሆን ዘንድ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ብዕራቸውን ያነሡት በመልካም አሳብ እንደሆነ ከመግቢያቸው ይታያል። በልብና በደም ግፊት ሕመም የሚጠቁ ወገኖች ነገር አሳስቧቸዋል፤ ይህ ስጋት የእኔም ስጋት ነው። ይሁን እንጂ ከደረሱባቸው ድምዳሜዎች አብዛኞቹ ስለ ልብና ስለ ሳንባ አሠራር በሚገባ ከሚታወቀው እውነት ጋር የሚጋጩ ከመሆናቸውም በላይ፣ ጥቂቶቹ ሰው አምኖ ቢከተላቸው ሕይወት እስከማሳጣት ሊደርሱ ይችላሉ። ለጤና ተማሪዎች የሰውነትን አሠራር የማስተምር ሰው ሆኜ ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ዋና ዋና ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው። ልብ ገና ሲፈጠር የተቆጠረ ምት ስለተሰጠው ስፖርት የሚሠራ ሰው ዕድሜውን ቀድሞ ይጨርሳል። ትንፋሽ ማጠር ሳንባ ኦክስጅን እንዳነሰው የሚያሳይ ምልክት ስለሆነ፣ መሮጥ የግድ ከሆነ አስቀድሞ ደጋግሞና በረጅሙ በመተንፈስ ሳንባን መሙላት ይገባል። በርጫ ላይ የሚፈጥን ልብ በእግር ጉዞ ከሚፈጥን ልብ ስለማይለይ፣ የሚቅም ሰው ሌላ እንቅስቃሴ አያስፈልገውም። ውፍረት መቀነስ የሚሻ ሰው ደግሞ በእኩለ ቀን ሙቀት የላስቲክ ጃኬት ለብሶ ቢያልብ ይበቃዋል። የሐረር አየር የኦክስጅን ድርሻው ያነሰ ስለሆነ እዚያ ስፖርት መሥራት ልብን ይጎዳል፤ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ የሚገኘው ቁጥር ከታለፈ ልብ ይፈነዳል፤ ከ50 ዓመት በኋላም ለልብ የሚበጀው ዕረፍት ብቻ ነው።

እነዚህን ሁሉ አሳቦች የሚያስተሳስራቸው አንድ ስሕተት አለ። ጸሐፊው የልብ ምትን ብቻውን የቆመ ነገር አድርገው ይቆጥሩታል፤ ሲፈጥን አንድ ጊዜ ጉዳት፣ ሌላ ጊዜ ጥቅም ያደርጉታል። ምት ግን ትእዛዝ ተቀባይ ነው። ያፈጠነው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ በደቂቃ 130 የሚመታ ልብ ጤና እያገኘ ይሁን እየተጎዳ ማንም ሊናገር አይችልም።

ከተቆጠረው ምት እንጀምር። ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት የአይጥንና የዝሆንን ልብ ነው። የአይጥ ልብ በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ይመታል፣ ዕድሜዋም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው፤ የዝሆን ልብ በደቂቃ ወደ 30 ጊዜ ብቻ ይመታል፣ ዝሆኑም 60 እና 70 ዓመት ይኖራል። ይህ እውነት ነው። ስሕተቱ ያለው በተለያዩ እንስሳት መካከል የሚታየውን ዝምድና ወስዶ በአንድ ዓይነት ፍጥረት ውስጥ ላሉ ግለሰቦች ሕግ ማድረጉ ላይ ነው። በዚያ ዝምድና መሠረት አንድ አጥቢ እንስሳ በሕይወት ዘመኑ የሚመታው ምት አንድ ቢሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ እየመታ 70 ዓመት የሚኖር ሰው ግን ከሁለት ቢሊዮን ተኩል በላይ ይመታል፤ ስለዚህ ሰው ራሱ ለሕጉ አልተገዛም። ነገሩን በጸሐፊው ሒሳብ እንኳ ብንወስደው ውጤቱ ይገለበጥባቸዋል። ስፖርት የማይሠራ፣ ልቡ ቀኑን ሙሉ በአማካይ በደቂቃ 72 ጊዜ የሚመታ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ 103,680 ምት ያወጣል። አዘውትሮ በመንቀሳቀሱ ልቡ ጠንክሮ በቀረው ጊዜ ወደ 60 የወረደለት ሌላ ሰው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በ130 ምት ቢራመድ በዚያች ሰዓት 7,800፣ በቀሩት 23 ሰዓታት ደግሞ 82,800፣ በድምሩ 90,600 ምት ብቻ ያወጣል። ልቡን የቆጠበው የተቀመጠው ሳይሆን የተራመደው ነው። በሰዎች ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ቀዳሚ የሆነውም ወደዚሁ ያመለክታል፤ ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ጽሑፍ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጽረው፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም እንደሚያገኛቸው አሳይተዋል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም ልብና ትንፋሽ የሚፈጥኑት ኦክስጅን ስላለቀ ነው የሚለው፣ ሰፋ አድርጎ ማየት የሚጠይቅ ነው፤ ብዙ የተማሩ ሰዎችም የሚያምኑት ይህንኑ ነውና። በክፍል ውስጥ አዘውትሬ የማሠራው አንድ ቀላል ሙከራ አለ። አንዲት ተማሪ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው በርጩማ ፊት ትቆማለች፤ ጓደኛዋ ሁለት ጣቶቿን ከአውራ ጣቷ ሥር የእጅ አንጓዋ ላይ አድርጋ ትርታዋን ትቆጥራለች። በደቂቃ 76 ነው እንበል። «ተዘጋጂ» የሚለው ቃል ከአፌ እንደወጣ፣ ተማሪዋ እግሯን ገና ሳታነሣ፣ ትርታዋ ወደ 90 ይጠጋል። ጡንቻዋ አንዲት ጠብታ ተጨማሪ ኦክስጅን አልተጠቀመም፤ ያለቀም የጎደለም ነገር የለም። አንጎል ሥራ እንደሚመጣ አውቆ፣ ልብን አዘግይቶ የሚይዘውን ነርቭ ለቀቅ አደረገው፤ ያ ብቻ ነው። በርጩማው ላይ ለሦስት ደቂቃ ያህል ስትወጣና ስትወርድ ምቱ ከ130 ያልፋል፣ ተቀምጣ አንድ ደቂቃ ካረፈች በኋላ ደግሞ ብዙውን መንገድ ተመልሶ ይወርዳል። ተማሪዎቹን ሁልጊዜ የሚያስገርማቸው ያ የመጀመሪያው፣ ከእንቅስቃሴው የሚቀድመው ጭማሪ ነው። ትንፋሽም እንዲሁ ነው፤ ዴንማርካውያኑ ክሮግና ሊንድሃርድ እ.ኤ.አ. በ1913 እንዳሳዩት፣ አተነፋፈስ ከሥራው የመጀመሪያ ቅጽበት ጀምሮ ይጨምራል፤ ይህም በደም ውስጥ የሚለወጠው ነገር ወደ አንጎል ለመድረስ ከሚወስድበት ጊዜ የቀደመ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል። ዕረፍት ላይ ያለ ልብ በአንድ ምት ወደ 70 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ደም ይረጫል። ጤነኛ ወጣት በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ይህ ከ20 ሊትር በላይ ይሆናል፤ በዓለም ደረጃ በሚወዳደሩ የረጅም ርቀት ስፖርተኞች 35 ሊትር ይደርሳል። ከዚያም ደም መንገዱን ይቀይራል። በዕረፍት ጊዜ ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ ይወስዱ የነበሩት ጡንቻዎች በከባድ ሥራ ጊዜ ከአምስት እጅ አራቱን ይወስዳሉ፤ የሆድ ዕቃና የኩላሊት ድርሻ ይቀንሳል። በተጨማሪም ጡንቻ ከሚደርሰው ደም የሚወስደው ኦክስጅን ይጨምራል፤ በዕረፍት ጊዜ ከደሙ ኦክስጅን ሩቡን ብቻ ይወስድ የነበረው ጡንቻ በከባድ ሥራ ጊዜ ሦስት አራተኛውንና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

ሳንባ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ ትርፍ አቅም ያለው አካል ነው። ዕረፍት ላይ ስንሆን በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር እናስገባለን፤ በከባድ ሩጫ ጊዜ ይህ 100 ሊትርን ያልፋል። ልብ ሥራውን አራት አምስት እጥፍ ሲያሳድግ ሳንባ አሥራ አምስት እጥፍ ማሳደግ ይችላል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት፣ ሳንባው ጤነኛ የሆነ ሰው በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ሮጦ ሳለ ከሳንባው የሚወጣው ደም ኦክስጅኑን ከሞላ ጎደል እንደተሞላ ነው። ታዲያ እንዲያ የሚያስለከልከው ምንድን ነው? ዋናው ምክንያት መውጣት ያለበት ነገር መብዛቱ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል፤ ሥራው ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ደግሞ አሲድ ይጨመርበታል፣ ደም ያንን አሲድ ሲያለዝብ ሌላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ያንን ጠርጎ ለማስወጣት ትንፋሽ ይበረታል። ጸሐፊው እጥረት ያሉት ነገር በእርግጥ ሳንባ ሥራውን በብቃት እየሠራ የመሆኑ ምልክት ነው።

ይህ ከተያዘ፣ ከሩጫ በፊት ደጋግሞ በረጅሙ ተንፍሶ ሳንባን መሙላት የሚለው ምክር ለምን እንደማይረዳ ግልጽ ይሆናል። ደሙ አስቀድሞ ወደ 97 ከመቶ ተሞልቶ ሳለ በላዩ ላይ የሚጨመረው ኢምንት ነው። የሚቀንሰው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እርሱ ሲቀንስ የአንጎል ደም ቧንቧዎች ይጠብባሉ፣ ራስ ይዞራል፣ ከንፈርና የጣት ጫፍ ይነዝራል። በዋና ገንዳ ውስጥ ደግሞ ይህ ልማድ ይገድላል። ደጋግሞ ተንፍሶ የጠለቀ ሰው፣ ተንፍስ የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ፣ ትእዛዙ ሳይደርሰው ኦክስጅኑ አልቆ ውኃው ውስጥ ራሱን ይስታል። በበጋው ሙቀት ልጆች ውኃ ፍለጋ በሚሄዱበት አካባቢ ይህን መጻፍ ከባድ ኃላፊነት አለበት።

በዚሁ ክፍል ጸሐፊው በማለፍ የጠቀሱት «ሩጫ ሳንባን በእጥፍ ያሰፋል» የሚለውም አልተረጋገጠም፤ የአዋቂ ሰው ሳንባ በልምምድ የሚያሳየው የመጠን ለውጥ እጅግ ጥቂት ነው። የሚለወጠው ሌላው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የደም ውኃማ ክፍል ይጨምራል፤ በወራት ውስጥ የግራው የልብ ጓዳ ሰፋ ብሎ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል፤ በጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮችና ኃይል አምራች ክፍሎች ይበረክታሉ። ከወራት ልምምድ በኋላ ያው ዳገት ትንፋሽ የማያሳጥረው እግር ከቀድሞው ያነሰ አሲድ ስለሚያመርት ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ፤ ይኸውም ጫት ነው። ስለ ጫት ባህላዊና ኢኮኖሚያዊ ቦታ እዚህ አልከራከርም፤ ከአወዳይ እስከ ድሬዳዋ ስንቱ ቤተሰብ በእርሱ እንደሚተዳደር ሁላችንም እናውቃለን። የምከራከረው «በርጫ ላይ ተቀምጦ ልቡ የፈጠነ ሰው የእግር ጉዞውን ሠርቷል» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ጋር ብቻ ነው። በለጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ጫት ከማሳ እስከ ገበያ ያ ሁሉ ጥድፊያ የሚደረግለት። ካቲኖን ከነርቭ ጫፎች ኖርአድሬናሊን የሚባለው ቅመም እንዲፈስስ ያደርጋል። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ቧንቧዎች ግን ይጠብባሉ።

ልዩነቱ ያለው በዚህ በመጨረሻው ነገር ላይ ነው። በእግር ጉዞ ጊዜ የሚሠራው ጡንቻ ደም ቧንቧዎቹን ይከፍታል። ልብ ብዙ ደም ይረጫል፣ የሚረጨው ግን ወደ ተከፈተ መንገድ ነው። በዚህ ጊዜ ግፊት ቢለካ የላይኛው ቁጥር ከፍ ሲል የታችኛው ባለበት ይቆያል፣ አንዳንዴም ትንሽ ይወርዳል። ባትና ጭን በየእርምጃው እየተኮማተሩ ደሙን ወደ ልብ ይመልሱታል፤ ልብ በደንብ ተሞልቶ በደንብ ይጨመቃል፤ ጓዳው እየሰፋ የሚጠነክረው በዚህ ነው። በርጫ ላይ የተቀመጠው ሰው እግሩን አጥፎ ጋደም ብሏል፤ ጡንቻው ደም አልጠየቀም፣ ከእግሩ ወደ ልቡ የሚገፋም ነገር የለም። ልቡ እየፈጠነ ያለው ወደ ጠበበ መንገድ ነው፤ የግፊቱ የላይኛውም የታችኛውም ቁጥር አብረው ይወጣሉ፣ የሚጠቀመው ኦክስጅን ደግሞ እምብዛም አልጨመረም። የእጅ ፍሬኑ ሳይለቀቅ የደንገጎን ዳገት ለመውጣት የሚታገል ባጃጅ ሞተሩ ምንኛ እንደሚጮኽ ያሰበ ሰው የዚህን ልብ ሁኔታ ይረዳል። የልብን ጡንቻ ራሱን የሚመግቡት ቧንቧዎችም ከመጥበቡ አያመልጡም፤ በየመን የተደረጉ ጥናቶች ጫት የሚቅሙ ሰዎች፣ ይልቁንም አብዝተው የሚቅሙት፣ ለድንገተኛ የልብ ድካም የበለጠ የተጋለጡ ሆነው እንዳገኟቸው ለጤና ባለሙያዎች የተሰወረ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ሁለቱን ማጋጠም ነው። ከሰዓት በኋላ ቅመው በምርቃና ላይ እያሉ ወደ ኳስ ሜዳ የሚወጡ ወጣቶችን እናውቃለን። ድካም አይሰማቸውም፤ እንዲያውም የሚቅሙት ለዚህ ነው። ነገር ግን ድካም የሚሰማን አንጎል ከልብ፣ ከሙቀትና ከጡንቻ የሚደርሰውን መረጃ ሰብስቦ ቀንስ ስለሚለን ነው፤ ያን ድምፅ ዝም ማሰኘት ጥንካሬ አይሆንም። ለውድድር ስፖርት የሚዘጋጁ የአካባቢያችን ልጆችም ካቲኖን በዓለም አቀፉ የአበረታች መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ በውድድር ወቅት የተከለከለ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል።

ስለ ሙቀትና ስለ ላብ የተጻፈው ደግሞ ለድሬዳዋ በተለይ አደገኛ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሲሆን፣ በግንቦትና በሰኔ የቀትር ሙቀቷ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው ከሩብ አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። ስለዚህ ልብ ለሁለት ጌታ መገዛት ይጀምራል፤ ለጡንቻ ደም ይልካል፣ ለማቀዝቀዝም ወደ ቆዳ ደም ይልካል። ላብ በበዛ ቁጥር የደም መጠን ይቀንሳል፣ በአንድ ምት የሚረጨው ያንሳል፣ ልብም ጉድለቱን ለማሟላት ይፈጥናል። በዚህ ምክንያት በእኩል ፍጥነት የሚራመድ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምቱ 10 ወይም 20 ጨምሮ ይገኛል፤ እርምጃው ግን አንዲት ስንዝር አልፈጠነም። ይህን ጭማሪ ጸሐፊው «ተጨማሪ ጥቅም» ብለውታል፤ ጥቅሙ የቱ ላይ እንደሆነ አልገባኝም።

ስታዲየም አካባቢ የላስቲክ ጃኬት ለብሰው የሚሮጡ ሰዎችን ያየ ሁሉ፣ ጃኬቱን ሲያወልቁ በእጅጌው በኩል የሚንቆረቆረውን ላብ አይቷል። ያ የፈሰሰው ላብ ሰውነትን ምንም አላቀዘቀዘም። ላብ የሚያቀዝቅዘው ከቆዳ ላይ ሲተን ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ በላስቲክ ውስጥ የታፈነው ወይም መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ግን ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። የሰውነት ሙቀት እየወጣ፣ ደም እየቀነሰ፣ ልብ እየፈጠነ ይሄድና መጨረሻው በሙቀት መመታት ነው። ሚዛን ላይ የሚታየው ቅናሽ የውኃ ቅናሽ ስለሆነ ሰውየው ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል፤ ስብ በላብ አይወጣም። ከዚራ ውስጥ በዛፎቹ ጥላ ሥር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የሚራመዱ እናቶችና አባቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ለሙቀት እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ቢለማመድ፣ የደሙ ውኃማ ክፍል ጨምሮና ላቡ ቀድሞ መውጣት ጀምሮ ያው ሥራ በዝቅተኛ ምት ይሠራለታል።

የሐረር አየር «የኦክስጅን ድርሻው ያነሰ ነው» የሚለው በአጭሩ ስሕተት ነው። የኦክስጅን ድርሻ በጂቡቲ ወደብም፣ በድሬዳዋም፣ በጀጎል ውስጥም 21 ከመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ በባሕር ጠለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው በድሬዳዋ ወደ 660፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሐረር ወደ 605 ይወርዳል። ከድሬዳዋ ወጥቶ በማግስቱ በሐረር ቁልቁለትና ዳገት የሚሮጥ ሰው ምቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሊያገኘው ይችላል፤ በሌላ በኩል የሐረር ቅዝቃዜ ለቆዳ ይሄድ የነበረውን ደም ይመልስለታል፤ ለብዙዎችም ከሁለቱ ይህኛው ሳይበልጥ አይቀርም። ሐረር ተወልዶ ያደገ ሰው በከተማው እንዳይሮጥ የሚያግደው አንዳች የልብ ምክንያት የለም።

ከ220 ዕድሜን የመቀነሱ ቀመርም ከተሰጠው ክብር ሊወርድ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመው ይህ ቀመር ከብዙ ሰዎች መረጃ የተወሰደ ግምታዊ አማካይ እንጂ በማንም ሰው ደረት ውስጥ የተሰመረ ወሰን አይደለም። የ40 ዓመት ሰው በቀመሩ 180 ይደርሰዋል፤ ፍጹም ጤነኛ ሆነው 165 ላይ የሚቆሙም፣ 195 የሚደርሱም የ40 ዓመት ሰዎች ግን አሉ። በኋላ በ2001 የቀረበው ሌላ ቀመር (ዕድሜ በ0.7 ተባዝቶ ከ208 ሲቀነስ) ለ60 ዓመት ሰው ከ160 ይልቅ 166 ይሰጣል። ቁጥሩን ያለፈ ልብ አይፈነዳም፤ እያንዳንዱ ልብ ከራሱ ጣሪያ በላይ መፍጠን ስለማይችል ሰውየው ራሱ ይቆማል። እንዲያውም ቁጥሩን ማምለክ የሚጎዳቸው ሰዎች አሉ፤ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ የግፊት ሕመምተኛ ምቱ በመድኃኒቱ ስለሚያዝ፣ በቀመሩ የተሰጠውን ቁጥር ለማግኘት ቢታገል ከአቅሙ በላይ ይሠራል። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው መለኪያ አንደበቱ ነው፤ እየተራመደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እየቻለ ዘፈን ማዜም ከከበደው መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚመክረው እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ ነው።

ከ50 ዓመት በኋላ ዕረፍት ብቻ ለሚለው፣ በዳላስ ከተማ የተደረገውን ጥናት ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1966 አምስት የ20 ዓመት ጤነኛ ወጣቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ፤ ሰውነታቸው በከፍተኛ ሥራ ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። እነዚያው ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ፣ 50 ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ሲመረመሩ፣ በወጣትነታቸው የሦስት ሳምንት መተኛት ያሳጣቸው አቅም 30 ዓመት ዕድሜ ካሳጣቸው በልጦ ተገኘ። ከዚያም ለስድስት ወር ቀስ በቀስ እያደገ የሚሄድ ልምምድ ሲሠሩ በዕድሜ የቀነሰው አቅማቸው ተመለሰላቸው። ሰዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ ያም ቢሆን ከዚያ ወዲህ በብዙ ሕመምተኞች ላይ የታየው ከዚህ ጋር ይስማማል፣ ዛሬ የልብ ድካም ያገኘው ሰው እንኳ በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ እንዲራመድ ይመከራል እንጂ ተኝተህ ቆይ አይባልም።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ፤ ሊታለፉ አይገባም። አንደኛው፣ ከሩጫ በኋላ በድንገት ቀጥ ብሎ መቆም መጥፎ ነው ማለታቸው ነው። እግር ደምን ወደ ልብ መግፋቱን ሲያቆም፣ ቧንቧዎቹ ግን ገና ክፍት ስለሆኑ፣ ደሙ እግር ውስጥ ይቀርና ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ይህን ያስቀራል።

ሁለተኛው፣ ሁሉም ሰው ተነሥቶ መሮጥ የለበትም ማለታቸው ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩንም። በአገራችን ብዙ ወጣቶች በልጅነታቸው በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው የሩማቲክ የልብ ሕመም አለባቸው፤ አንዳንዶቹም አያውቁትም። በዚህ ሕመም በግራ በኩል የላይኛውን የልብ ጓዳ ከታችኛው የሚያገናኘው ቫልቭ ሊጠብ ይችላል። በጠበበው በር ደም ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ልብ ሲፈጥን ግን የሚያጥረው በትክክል ያ የመሙያ ጊዜ ነው። ስለዚህ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ከእኩዮቿ ጋር እኩል ዳገት መውጣት ያቃታት፣ ማታ ስትተኛ ትራስ የምትደራርብ፣ ሳል ያልተዋት ልጅ «ሰነፍ» ልትባል አይገባም፤ ደረቷ በማዳመጫ ሊሰማ፣ ልቧም በአልትራሳውንድ ሊታይ ይገባል። እንዲሁም በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረቱን የሚጨመድደው፣ ራሱን የሚስት፣ ወይም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ የቅርብ ዘመድ ያለው ሰው መጀመሪያ ወደ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ ሜዳ መሄድ አለበት። አስም ያለበት ሰው ግን ከስፖርት የሚከለከልበት ምክንያት የለም፤ ቀስ ብሎ ሰውነቱን ካሟሟቀና ሐኪሙ ያዘዘለትን የሚነፋ መድኃኒት አስቀድሞ ከወሰደ ከሌላው እኩል ሊጫወት ይችላል።

ጸሐፊውን የማውቃቸው በጽሑፋቸው ብቻ ነው፤ ለወገን ያላቸውን አሳቢነት ግን አከብራለሁ። ስለ ተቆጠረው ምትና ስለ 220ው ቀመር ቢፈልጉ በሰፊው ልንወያይ እንችላለን። ስለ ላስቲክ ጃኬቱ፣ ከሩጫ በፊት ስለሚደረገው አተነፋፈስና በርጫን በእግር ጉዞ ስለመተካት የጻፏቸውን ሦስት አንቀጾች ግን ውይይቱን ሳይጠብቁ፣ የግንቦት ሙቀት ከመግባቱ በፊት እንዲያነሡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።